ሜይፍላወር ለምን ዘገየች? መዘግየቷስ ምን አስከፈለ?

እንደምን አመሻችሁ። ሰፋሪዎችን ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ስላሻገረችው መርከብ፣ ስለ ሜይፍላወር ሲነሣ አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው ወይ ማዕበሉ ነው፣ ወይ ደግሞ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ከዶሮ ወጡ ጎን ተርኪ የሚያቀርቡበት የምስጋና በዓል ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ በርሜል፣ ስለ ቅቤ፣ ስለ ውልና ስለ ቀን መቁጠሪያ ነው። ለምን እንደሆነ በሁለት ቁጥር ላሳያችሁ። መርከቧ በ1620 ከእንግሊዝ ስትነሣ 102 መንገደኞች ይዛ ነበር። በ66 ቀን የውቅያኖስ ጉዞ ከእነዚህ መካከል የሞተው አንድ ወጣት አገልጋይ ብቻ ነው። መልሕቅ ከተጣለ በኋላ ባሉት አምስት ወራት ግን ግማሾቹ አለቁ።

ባሕሩን መክሰስ አንችልም ማለት ነው። ብርዱ ነው የፈጃቸው የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፣ ግን ብርድ በዚያ አገር በየዓመቱ ይመጣል። መጠየቅ ያለበት፣ እነዚህ ሰዎች በዚያ ወር፣ በተዳከመ አካል፣ ያለ ጣሪያ ምን ሲያደርጉ ተገኙ የሚለው ነው። እኔ የምለው፣ ለሞቱ የተከፈለው ዋጋ አብዛኛው መርከቧ የእንግሊዝን ምድር ሳትለቅ በፊት፣ ወደብ ላይ የተከፈለ ነው።

ስለ ቀናቱ አንድ ነገር ላስቀድም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወሩንና ቀኑን ግን እንግሊዞች ያኔ በሚጠቀሙበት በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ነው የምሰጣችሁ፤ በዚያ ዘመን ዛሬ ከሚሠራበት በ10 ቀን ወደ ኋላ ይል ነበር። ለእኛ ይህ ይመቸናል፤ የእኛ ዘመን መቁጠሪያ ከዩልዮሱ ጋር እኩል ስለሚሄድ ቀኑን ወደ አገራችን መመለስ ቀላል ነው። ዘመኑ በእኛ ዐፄ ሱስንዮስ የነገሡበት ነው።

ተጓዦቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተገንጥለው በ1608 ገደማ ወደ ሆላንድ የሸሹ፣ ላይደን ከተማ አሥር ዓመት በላይ በሽመናና በመሳሰለው ዝቅተኛ ሥራ የኖሩ ምእመናን ናቸው። ሌላው ወገን ደግሞ ገንዘብ ያወጡት ነጋዴዎች ከለንደንና ከአካባቢው የመለመሏቸው ሰዎች፣ ቅጥር ሠራተኞችና አገልጋዮች ናቸው። የላይደኖቹ ገንዘብ አልነበራቸውም። ቶማስ ዌስተን የሚባል የለንደን ነጋዴ ሰባ ያህል ባለገንዘቦችን አስተባብሮ አክሲዮን አቋቋመ። አንዱ አክሲዮን 10 ፓውንድ ነው። ዕድሜው ከ16 በላይ የሆነ ተጓዥ ሁሉ ራሱ እንደ አንድ አክሲዮን ይቆጠራል። ለሰባት ዓመት የሚያመርተው፣ የሚያጠምደው፣ የሚነግደው ሁሉ ወደ ጋራ ሣጥን ይገባል፤ በሰባተኛው ዓመት ይካፈላሉ።

ጠቡ የተነሣው በሁለት አንቀጽ ላይ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ሰፋሪው በሳምንት ሁለት ቀን ለራሱ ይሠራል፤ የሠራው ቤትና ያለማው ጓሮም ከክፍፍሉ ውጭ የራሱ ሆኖ ይቀራል። ነጋዴዎቹ ሁለቱንም ሠረዙ። የላይደኖቹ ወኪል ሮበርት ኩሽማን ጉዞው እንዳይቀር ብሎ ተስማማ። ሌሎቹ ሳውዝሃምፕተን ወደብ ላይ ሲሰሙ አንፈርምም አሉ። ዌስተንም ተቆጥቶ፣ ከወደብ ለመውጣት የሚያስፈልገውን 100 ፓውንድ ያህል አልከፍልም ብሎ ጥሏቸው ሄደ።

ምን አደረጉ? ቅቤ ሸጡ። ከያዙት ላይ ከ60 እስከ 80 ቀበርቾ አወጡ፤ ፍርኪን የሚባለው ቀበርቾ 25 ኪሎ ያህል ይይዛል፣ ስለዚህ ከ15 እስከ 20 ኩንታል ቅቤ ማለት ነው። አብዝተው ገዝተውት ስለነበር የሚቀላቸው እሱን መሸጥ ነበር። ቢሆንም በሌላ በኩል ዘይት አልነበራቸውም፣ ለጫማ መጠገኛ የሚሆን ቆዳ አልነበራቸውም፣ ጠመንጃም ለሁሉም አልበቃም።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ መርከብ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሜይፍላወርን ብቻ ነው፤ ዕቅዱ ግን በሁለት መርከብ ነበር። ስፒድዌል የምትባል የ60 ቶን ትንሽ መርከብ ሆላንድ ውስጥ ተገዛች። የላይደኖቹን ሰዎች ወደ እንግሊዝ ታመጣለች፣ ከሜይፍላወር ጋር ትሻገራለች፣ ከዚያም እዚያው ቀርታ ለዓሣና ለንግድ ታገለግላለች ተብሎ ነበር። ሁለቱ ኦገስት 5፣ በእኛ ነሐሴ 12 ቀን፣ ከሳውዝሃምፕተን ተነሡ። ብዙም ሳይርቁ ስፒድዌል ውኃ ማስገባት ጀመረች። ዳርትመዝ ገብተው ተጠገነች። ኩሽማን ከዚያ በጻፈው ደብዳቤ፣ በጣት ተስቦ ሊወጣ የሚችል ሁለት ጫማ ርዝመት ያለው ሳንቃ እንደተገኘባት ይናገራል። እንደገና ወጡ፤ ከእንግሊዝ ጫፍ 300 ማይል ርቀው ሳለ ፓምፑ ውኃውን ማሸነፍ አቃተው። ተመልሰው ፕሊመዝ ገቡና ስፒድዌል ቀረች።

ምክንያቷ ምን ነበር? ዊልያም ብራድፎርድ፣ ኋላ የሰፈሩ ገዥ የሆነው፣ ሁለት ነገር ያነሣል። አንደኛ፣ የተተከለላት ተራዳና ሸራ ለአካሏ ከሚገባው በላይ ከብዷል። ሸራው ነፋስ ሲይዝ ረጅሙ ተራዳ እንደ መፈንቅያ ሆኖ የመርከቧን ጎድን ያጣምማል፤ ሳንቃዎቹ መጋጠሚያቸው ላይ ይከፈታሉ፤ ወደብ ላይ ጸጥ ብላ ስትቆም ግን መልሰው ይገጥማሉ። ለዚህ ነው ጠጋኞች ሲመረምሯት ትልቅ ቀዳዳ ያላገኙባት። ሁለተኛ፣ መርከበኞቿ አንድ ዓመት እዚያ ለመቆየት የገቡትን ውል ለማፍረስ ሆን ብለው ሸራ እያበዙ አስጨንቀዋታል ይላል። ኋላ ተሽጣ ሸራዋ ሲስተካከል ደኅና መሥራቷን ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል። እኔ ግን ተንኮሉ ባይኖር እንኳ የተራዳው ነገር ብቻውን በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

ሃያ ያህል ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ቀሩ፤ ሌሎቹ ወደ ሜይፍላወር ተጨመሩ። ሴፕቴምበር 6፣ መስከረም 9 ቀን 1613 ዓ.ም. በእኛ፣ ከፕሊመዝ ወጡ። ከመጀመሪያው መነሻ 32 ቀን አልፏል። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ሰው ይበላል። ኩሽማን የእንግሊዝን ዳርቻ ሳንለቅ ስንቃችን በግማሽ ያልቃል ብሎ የሰጋው በከንቱ አልነበረም።

ስንቁ ስንት ነው? ትክክለኛ የጭነት ዝርዝሩ አልተረፈም፤ ግን መስፈሪያውን እናውቃለን። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለአንድ ሰው በቀን አንድ ፓውንድ ደረቅ ብስኩትና አንድ ጋሎን ቢራ ይሰፍር ነበር። በዚህ እናስላ። መንገደኛውና መርከበኛው ተደምሮ 130 ያህል ነው። ለ66 ቀን ብስኩቱ ብቻ ወደ 39 ኩንታል ይመጣል። ቢራው ከ38 ሺህ ሊትር ይበልጣል። ሕፃናት ስላሉ ትንሽ ቀንሱ፤ ያም ሆኖ ብዙ ነው። ሜይፍላወር 180 ቶን ናት ሲባል 180 ትላልቅ የወይን በርሜል ትጭናለች ማለት ነው፤ አንዱ በርሜል 950 ሊትር ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ለመሻገሪያው የሚበቃው ቢራ ብቻ 40 ያህሉን ይወስዳል። ቢራ ለምን ካላችሁ፣ ውኃ በእንጨት በርሜል ውስጥ ሳምንታት ሲቀመጥ ይበላሻል፤ የተፈላና የተጠመቀ መጠጥ ይሻላል። ልጆችም የሚጠጡት እሱን ነው።

ከዚህ ላይ በጨው ውኃ የተዘፈዘፈ የበሬና የአሳማ ሥጋ፣ ደረቅ ዓሣ፣ አተር፣ የአጃ ዱቄት፣ አይብ ጨምሩ። ከዚያ መሣሪያው፣ መድፉ፣ ዘሩ፣ አልጋና ልብሱ፣ ድስቱ። ከዚያ ደግሞ ሻሎፕ የምትባል ባለሸራ ጀልባ አለች፤ ባሕር ዳርቻ ለመቃኘት የታሰበች፣ ተበታትና በሰዎቹ መኖሪያ ወለል ላይ የተጫነች። ቦታ ስላልነበረ ሰዎች እላይዋ ላይ ተኙ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የሚኖሩበት ወለል ከላይ ባለው ሰገነትና ከታች ባለው የዕቃ ማከማቻ መካከል ያለው የመድፎቹ ቦታ ነው። የመርከቧ ንድፍ አልተረፈም፤ ባለሙያዎች ከጭነቷ ተነሥተው ሲገምቱ ርዝመቷ 30 ሜትር ያህል፣ የዚህ ወለል ጣሪያ ደግሞ ረዘም ያለ ሰው ቀጥ ብሎ የማይቆምበት ነው። መስኮት የለም። መጸዳጃው ባልዲ ነው። እሳት የሚነደው በመርከቧ ፊት ባለ ምድጃ ላይ ሲሆን ማዕበል ሲነሣ ይጠፋል፤ ቀናት ሙሉ ቀዝቃዛ ምግብ ይበላል። ከላይ ያለው ሳንቃ በማዕበሉ ሲወዛወዝ መጋጠሚያው ይላላና የባሕር ውኃ በተኙት ላይ ይንጠባጠባል። በባሕር ውኃ የራሰ ልብስ ደግሞ ጨው ስለሚይዝና ጨው እርጥበት ስለሚስብ ጨርሶ አይደርቅም። አንድ ሰው በዚህ ሁኔታ ሁለት ወር ሲከርም ደረቱ ምን እንደሚሆን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ጉዞው ራሱ ቀርፋፋ ነበር። ርቀቱ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ በአማካይ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰው በእግሩ ከሚሄደው ያነሰ። በዚያ ኬክሮስ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ እነሱ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄዱት። አራት ማዕዘን ሸራ ያላት መርከብ ደግሞ ነፋስን ፊት ለፊት መግጠም አትችልም፤ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘች ነው የምትገፋው። ዐውሎው ሲበረታ ሸራው ሁሉ ይወርድና መርከቧ እንደ ግንድ ለቀናት ትንሳፈፋለች። ልዩነቱን ለማየት የመልሱን ጉዞ ተመልከቱ፦ ይቺው መርከብ ኤፕሪል 5 ቀን 1621 ተነሥታ ሜይ 6 እንግሊዝ ደርሳለች። ሄዳ 66 ቀን፣ ተመልሳ 31 ቀን።

ካፒቴኑ ክሪስቶፈር ጆንስ የት እንዳለ በከፊል ብቻ ነው የሚያውቀው። ወደ ሰሜንና ደቡብ ያለውን በፀሐይ ከፍታ ይለካል። ወደ ምዕራብ ስንት እንደተጓዘ የሚለካበት መሣሪያ ግን አልነበረም። ቋጠሮ ያለበትን ገመድ ወደ ባሕር ጥሎ፣ በግማሽ ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ውስጥ ስንት ቋጠሮ እንደሮጠ ቆጥሮ ፍጥነቱን ይገምታል።

በመንገድ አጋማሽ ላይ ከባዱ አደጋ ደረሰ። የመርከቧ ዋና ወራጅ፣ ሰገነቱን ከጎን እስከ ጎን የሚሸከመው፣ ጎብጦ ተሰነጠቀ። እንመለስ ወይስ እንቀጥል የሚል ክርክር ተነሣ። ከመንገደኞቹ ዘንድ ከሆላንድ የመጣ ትልቅ የብረት ብሎን ተገኘ፤ ዛሬ ክሪክ የምንለው ዓይነት ሥራ የሚሠራ። ወራጁን ከሥር ገፍተው ወደ ቦታው መለሱት፣ ከታችኛው ወለል ተነሥቶ የሚደግፈው ምሰሶ አቆሙለት፣ የላሉትን መጋጠሚያዎች ደፈኑ። ብሎኑ የማተሚያ ማሽን ነበር የሚሉ አሉ፤ ለቤት ሥራ ወራጅ ማንሻ ነው የሚለው ግን ለእኔ ይበልጥ ያሳምናል፣ ለምን ቢሉ ሰዎቹ ቤት ሊሠሩ ነው የሚሄዱት። ጆን ሃውላንድ የሚባል ወጣት ደግሞ በዐውሎ መካከል ወደ ሰገነቱ ወጥቶ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ በውኃው ላይ የሚጎተት የሸራ ገመድ ይዞ በመንጠቆ ተጎትቶ ወጣ። ብዙ ልጆች ወልዶ እስከ እርጅናው ኖሯል።

ኖቬምበር 9 የየብስ ምልክት ታየ፤ ኬፕ ኮድ ነው። የያዙት የመስፈሪያ ፈቃድ ግን ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ሃድሰን ወንዝ አካባቢ ለመስፈር ነው። ወደ ደቡብ ሲሞክሩ አሸዋማና ጥልቀት የሌለው፣ ማዕበሉ የሚፈላበት ቦታ ገጠማቸው፤ ነፋሱም ከዳቸው፤ ተመለሱ። ኖቬምበር 11፣ ኅዳር 15፣ ማለት በእኛ የነቢያት ጾም በሚገባበት ዕለት፣ ዛሬ ፕሮቪንስታውን በሚባለው ወደብ መልሕቅ ጣሉ። ፈቃዱ ለዚያ ቦታ ስላልሆነ ከመንገደኞቹ መካከል ማንም አያዘንም የሚሉ ተነሡ፤ 41 ወንዶች በጋራ ለመተዳደር የተፈራረሙት ያኔ ነው። ስለዚህ ሰነድ ብዙ ተብሏል፤ እኔ አልፈዋለሁ።

አሁን የያዛችሁልኝን ጀልባ አምጡ። ሻሎፗ ሰው ስለተኛባት ተጎድታ ነበር፤ አናጺው ለመገጣጠም ሁለት ሳምንት በላይ ፈጀበት። እሷ ሳትደርስ ሩቅ መቃኘት አይቻልም፤ ሳይቃኙ ቦታ መምረጥ አይቻልም። ከዚህም በላይ ወደቡ ጥልቀት ስለሌለው መርከቧ ከዳርቻው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነው የቆመችው። ወደ የብስ የሚወጣ ሁሉ መጨረሻ ላይ ከጀልባ ወርዶ በረዶ በሚሠራ ውኃ ውስጥ በእግሩ ይሻገራል። ጉንፋንና ሳል የጀመራቸው እዚያ ነው።

በእነዚህ ቅኝቶች ወቅት ነው በቆሎውን ያገኙት። አሸዋ ውስጥ በቅርጫት የተቀበረ፣ የአገሬው ሰዎች ለዘር ያስቀመጡት ነበር። ወሰዱት፤ በድምሩ አሥር ቡሼል ያህል። ኋላ እንከፍላለን አሉ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ለባለቤቶቹ ክፍያ ተደርጓል፤ በወሰዱበት ሰዓት ግን ስርቆት ነበር። የግብርና ሰዎች ካላችሁ ይህን አስሉ። አንድ ቡሼል በቆሎ 25 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ኩንታል ተኩል ማለት ነው። በሚቀጥለው ጸደይ የዘሩት 20 ኤክር፣ ወደ 8 ሄክታር ነው። በሄክታር 30 ኪሎ ያህል ዘር፤ ልክ የሚበቃው። ያ ዘር ባይገኝ በ1621 መከር አይኖርም ነበር።

ቦታ ተመርጦ መርከቧ እዚያው አሜሪካ ዛሬ ፕሊመዝ ወደሚባለው ወደብ የገባችው ዲሴምበር 16 ነው። የመጀመሪያውን የጋራ ቤት መሥራት የጀመሩት ዲሴምበር 25 ነው። እነዚህ ሰዎች ገናን ስለማያከብሩ ቀኑን ሙሉ ግንድ ሲቆርጡና ሲሰነጥቁ ዋሉ። ዕለቱ የእኛው ታኅሣሥ 29 ነው። እዚህም መርከቧ ከዳርቻው ሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትቆማለች፤ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ሥራው ይቆማል። ጥቂት የሥራ ቀን፣ ብዙ የዝናብ ቀን።

ለእያንዳንዱ ሰው የተለካው ቦታ 2 ሜትር ተኩል በ15 ሜትር ነው፤ ቤተሰቡ በሰዎቹ ቁጥር ያባዛል። የቤት ቁጥር ለመቀነስ ያላገቡት ወንዶች ከቤተሰቦች ጋር ተደለደሉ። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፦ ወፍራም የእንጨት አጽም፣ በመሐል ማገርና ጭቃ፣ ከላይ የሣር ክዳን፤ የሚለየው ከውጭ በኩል ዝናቡን የሚመልስ ስንጥቅ ሳንቃ መኖሩ ነው። ስድስት ሜትር በስድስት ሜትር የሆነው የጋራ ቤት ጃንዋሪ 14 ክዳኑ ተቃጠለ። የእሳት ፍንጣሪ ሣሩ ላይ አርፎ ነው። ውስጡ በሽተኞች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አጠገባቸው የተጎረሰ ጠመንጃና ባሩድ አለ። ክዳኑ ብቻ ነዶ ሰዉ ተረፈ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው አዲስ ቤት በሣር እንዳይከደን ደንብ አወጡ።

ሞቱ በወር በወር ተመዝግቧል፦ በዲሴምበር 6 ሰው፣ በጃንዋሪ 8 ሰው፣ በፌብሩዋሪ 17 ሰው፣ በማርች 13 ሰው። በጣም የበዛው ብርዱ ሲጀምር ሳይሆን ወደ መጨረሻው ነው። ይህ ብዙ ይናገራል። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ካጣ ሰውነት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይሟጠጣል፤ ድድ ያብጣል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፣ የዳነ ቁስል ሳይቀር ይከፈታል። ይህ ስከርቪ ነው። እነዚህ ሰዎች የመርከብ ስንቅ መብላት የጀመሩት በኦገስት ነው። ፌብሩዋሪ ሲደርስ ስድስት ወር ሞላቸው። በዚህ በተሸረሸረ አካል ላይ የሳንባ ምች ሲጨመር ማን ይቋቋማል? ዓሣውም ከደጃቸው ነበር፤ ትናንሽ መንጠቆና ጠንካራ መረብ ስላልያዙ ግን ብዙም አልጠቀማቸውም።

በከፋው ጊዜ በእግሩ የሚቆመው ስድስት ሰባት ሰው ብቻ ነበር። እነሱ እንጨት ይለቅማሉ፣ ያበስላሉ፣ የበሽተኛውን ልብስ ያጥባሉ። ከ18ቱ ባለትዳር ሴቶች መከሩን ያዩት 4 ናቸው። ወንዶቹ ለሥራ ወደ የብስ ሲወጡ ሴቶቹ በዚያ እርጥብና የታፈነ ወለል ላይ በሽተኛ ሲያስታምሙ ስለከረሙ ይመስለኛል። ልጃገረዶቹ ግን በብዛት ተርፈዋል። ከመርከበኞቹም ግማሽ ያህሉ፣ የመድፉ ኃላፊና ምግብ አብሳዩ ጭምር፣ ሞቱ። መርከቧ እስከ ኤፕሪል ያልተመለሰችው ለዚህ ነው፤ ስትመለስም ባዶዋን ነው፣ ይህም ለንደን ያሉትን ባለገንዘቦች አናደደ።

የሰፈሩበት ቦታ የተመነጠረ እርሻ ነበር። ፓቱክሴት ይባላል፤ ነዋሪዎቹ ከ1616 እስከ 1619 በገባው ወረርሽኝ አልቀዋል። ከዚያ ሰፈር የተረፈው ቲስኳንተም፣ በብዛት ስኳንቶ የሚባለው፣ በ1614 በእንግሊዛዊ ካፒቴን ተጠልፎ ስፔን ማላጋ ሊሸጥ የተወሰደ ነው። እንደምንም ለንደን ደርሶ በ1619 አገሩ ሲገባ ወገን አልቆ ጠበቀው። እንግሊዝኛ የሚናገረውም በዚህ ምክንያት ነው።

እሱ ያሳያቸው ዘዴ ቀላል ይመስላል። አፈሩ ያረጀ ነው፤ ያለ ማዳበሪያ ምርት አይሰጥም። ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ከባሕር ወደ ወንዙ ሽቅብ ይወጣል። ያኔ ይጠመዳል። አፈሩ በጉብታ በጉብታ ይሠራል፣ ዓሣው ከሥር ይቀበራል፣ በቆሎው ከላዩ ይተከላል። ከዚያ ዓሣው እስኪበሰብስ ድረስ ተኩላና ውሻ እንዳያወጣው ሌሊት ይጠበቃል። በሬ የለም፣ ማረሻ የለም፤ የመጀመሪያዎቹ ከብቶች፣ ሦስት ጊደርና አንድ ወይፈን፣ የመጡት በ1624 ነው። ስለዚህ 8 ሄክታሩ፣ በእኛ ከ30 ጥማድ በላይ፣ ከበሽታ በተነሡ ሰዎች በመኮትኮቻ ተሠራ። ከእንግሊዝ ያመጡት አተር አበባው ላይ ሳለ ፀሐይ አቃጠለው፤ ገብሱ መካከለኛ ሆነ፤ በቆሎው ያዘ።

ከመከሩ በኋላ በኖቬምበር 1621 ፎርቹን የምትባል መርከብ 35 ሰው ይዛ መጣች። ስንቅ የላቸውም፣ አልጋ የላቸውም፣ ድስት እንኳ የላቸውም። የሁሉም ቀለብ በግማሽ ተቀነሰ። ከሜይፍላወር ተጓዦች አንዱ የነበረው ኤድዋርድ ዊንስሎው ዲሴምበር 11 ለወዳጁ ደብዳቤ የጻፈው በዚህ ሰሞን ነው፤ የዓመቱን ልምድ እዚያ ውስጥ ነው የምታገኙት። ለሚመጣ ሰው የሚሰጠው ምክር ይህ ነው።

ለብስኩታችሁ ደኅና ማስቀመጫ ክፍል ይኑራችሁ። የቢራና የውኃ በርሜላችሁ ቢያንስ የመጀመሪያው ረድፍ የብረት ቀለበት ያለው ይሁን። ለምን? ተራው በርሜል የሚታሰረው በእንጨት ቀለበት ነው። የታችኛው ረድፍ የሌላውን ሁሉ ክብደት ይሸከማል፣ ከመርከቧ ሥር በሚቋጠረው ቆሻሻ ውኃም ይረጥባል። ቀለበቱ በስብሶ ሲፈነዳ ቢራው ይፈስሳል፤ ባሕር መካከል ሆኖ ከላይ ያለውን አንሥቶ የሚደርስለት የለም። ቀጥሎ፣ ሥጋችሁ በደረቅ ጨው አይታሽ፤ ይህን ከመርከበኞች የተሻለ የሚያውቅ የለምና ለእነሱ ተዉት። ዱቄቱ በርሜል ውስጥ በእግር እየተረገጠ ይጠቅጠቅ፤ ለማውጣት መጥረቢያ እስኪያስፈልግ ድረስ። አየር ከሌለው እርጥበትና ነቀዝ አይገባውም፣ ባንድ በርሜልም ብዙ ይይዛል። በእኛ በቆሎ አትተማመኑ። ልብስና አልጋ አብዝታችሁ ያዙ። ጠመንጃው አፈሙዙ ረጅም ይሁን፤ የምናድነው አድፍጠን ስለሆነ ክብደቱ አያስጨንቅም። ለመስኮት ወረቀትና የተልባ ዘይት፤ ወረቀቱ ዘይት ሲጠጣ ብርሃን ያስገባል፣ ዝናብ ይመልሳል። ለመብራት የጥጥ ፈትል። እና የሎሚ ጭማቂ፣ በባዶ ሆድ የሚወሰድ።

ይህች የመጨረሻዋ ምክር ሚስቱን በማርች ከቀበረ ሰው የመጣች ናት። ደብዳቤው በፎርቹን ተላከ፤ መርከቧን ፈረንሳዮች በመንገድ ያዙና 500 ፓውንድ ያህል የሚያወጣውን የቢቨር ቆዳና ሳንቃ ዘረፉ፤ ጽሑፉ ግን ለንደን ደርሶ በ1622 ታተመ። የሰፈሩ ዕዳ ከዚህ በኋላ እየተከመረ ሄዶ ተከፍሎ ያለቀው በ1648 ነው። የጋራ እርሻው በ1623 ቀርቶ ለየቤተሰቡ መሬት ሲሰጥ ደግሞ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ ወደ እርሻ ወጡ፣ የሚዘራው በቆሎም ጨመረ። የሁለቱ የተሠረዙ አንቀጾች ጉዳይ በዚህ መንገድ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

ዘግይቶ መድረስ ብቻውን ሁሉን ያብራራል እንዳላልኩ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። ከእነሱ በፊት ቨርጂንያ የሰፈሩት የጄምስታውን ሰዎች ዲሴምበር 1606 ተነሥተው፣ በካናሪ ደሴቶችና በካሪቢያን በኩል ዞረው፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1607 ደርሰዋል። ወቅቱ ግሩም ነበር። ግን የሰፈሩበት ደሴት ውኃው ጨው የተቀላቀለበት ረግረግ ነው፤ በ1608 መጀመሪያ ከ104ቱ 38 ቀሩ። በ1630 ወደ ማሳቹሴትስ የመጡት የጆን ዊንትሮፕ ሰዎችም ከፕሊመዞች ተምረው በኤፕሪል ተነሥተው ጁን 12 ደረሱ፤ 11 መርከብ፣ 700 ያህል ሰው። ለቤት ሥራ በቂ ጊዜ ነው፤ በቆሎ ለመዝራት ግን ረፍዷል። 200 ያህል ሰው ሞተባቸው። ልዩነቱ ዊንትሮፕ ባዶውን ጎተራ እንዳየ ላየን የምትባለውን መርከብ ወዲያው ስንቅ እንድታመጣ መልሶ መላኩ ነው። ፌብሩዋሪ 1631 ላይ ስትደርስ ከእህሉ ጋር የሎሚ ጭማቂ ይዛ ነበር፤ የጠጡት ስከርቪ የያዛቸው ሰዎችም ዳኑ።